በቡና ወቅት ጸሎትና ሥራ አልስማማ ብለውኛል (ጅማ)

መዛኙ (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ጅማ ዙሪያ ባለ የቡና ሳይት (እሸት መፈልፈያ ጣቢያ) እሸት ቡና ተቀባይ ነኝ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ገብተን የምንወጣው ማታ 4 ሰዓት ነው። ገበሬው ሲለቅም ውሎ የሚያመጣው ከ9 ሰዓት በኋላ ነው፤ እሸቱ ደግሞ በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ይበላሻል። ስለዚህ ማታውን ማሳጠር የሚባል ነገር የለም።

ጥያቄዬ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ማታ የዕለቱን ዳዊት ልጨርስ ስል መሐል ላይ እንቅልፍ ይጥለኛል፤ ሳልጨርስ ስቀር ደግሞ በማግስቱ ሲቆረቁረኝ ይውላል። ለእንዲህ ያለ ሥራ ምን ያህል ጸሎት ይበቃል? ሁለተኛ፣ ጠዋት የነበረኝ ሰላም ከሰዓት ሰልፉ ሲረዝምና ሰው ሲጮህ ብን ብሎ ይጠፋል። ሦስተኛው የከበደኝ ነው፦ ከእያንዳንዱ ጆንያ "ለውሃና ለከረጢት" ተብሎ 2 ኪሎ እንዲቀነስ ታዝዟል። ኃጢአት ነው? ሥራውን መልቀቅ አለብኝ? ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ግን የሌላውንም ወገን ምክር እሰማለሁ።

ዘነግህ፦

ወንድሜ፣ ሦስተኛውን ቡናውን የሚያውቁ ይመልሱልህ። እኔ የጸሎቱን ልያዝ።

የዳዊት የሳምንት አከፋፈል ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150 ነው፤ እሑድ የነቢያት ጸሎትና መኃልየ መኃልይ ይደረሳል። አንድ ንጉሥ 10 መዝሙር ስለሆነ ሰኞ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ሦስት ሦስት ንጉሥ አለብህ ማለት ነው። ሦስት ንጉሥ ረጋ ብሎ ለሚያነብ ሰው አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ማታ 4 ሰዓት ከሚዛን ላይ የተነሣ ሰው ይህን ሊጨርስ ቢነሣ ገጽ ከመግለጥ አያልፍም። እንቅልፍ የጣለህ እምነትህ ስለቀዘቀዘ አይደለም፤ ሰዓቱ የተሳሳተ ስለሆነ ነው።

የራስህ ጽሑፍ መፍትሔውን ይዟል። ቡናው የሚገባው ከ9 ሰዓት በኋላ ከሆነ፣ ማድረቂያ አልጋ ላይ ያለው ቡና ከተገላበጠ በኋላ ከረፋዱ 4 እስከ 8 ሰዓት ተቀባዩ ሥራ ይፈታል። ያ ሰዓት ስልክ ላይ ነው የሚያልቀው። ዳዊቱን ወደዚያ አምጣው፤ አንድ ንጉሥ በ20 ደቂቃ ያልቃል። ሌላውን እንዲህ አድርግ፦

ጠዋት ከቤት ሳትወጣ 15 ደቂቃ። በስመ አብ ብለህ አማትብ፣ አቡነ ዘበሰማያት፣ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል፣ ከዚያ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም። ጊዜው ካጠረህ ውዳሴ ማርያሙን መንገድ ላይ ቀጥለው፤ አቡነ ዘበሰማያቱን ግን ቆመህ በሙሉ ልብ ድረሰው። ከመጽሐፍ አንብብ እንጂ ከስልክ አታንብብ። ስልኩን ለጸሎት የከፈተ ሰው መልእክት ሳያይ አይዘጋውም።

3 ሰዓት፣ 6 ሰዓት፣ 9 ሰዓትና 11 ሰዓት ላይ አንድ አንድ ደቂቃ ይበቃል። ሰዓቶቹ ያለ ምክንያት አልተመረጡም፦ በ3 ሰዓት መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ ወርዷል፣ በ6 ሰዓት ጌታ ተሰቅሏል፣ በ9 ሰዓት ነፍሱን ሰጥቷል፣ በ11 ሰዓት ከመስቀል ወርዷል። ይህን አስበህ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ማለት ይቻላል፤ ከመቀመጫህ መነሣት እንኳ አይጠይቅም። እዚህ አካባቢ አብዛኛው ገበሬ ሙስሊም ስለሆነ መግሪብ ላይ ሰልፉ ራሱ ይሳሳል፤ 11 ሰዓት ያመለጠህን ያኔ ታደርሳለህ። ለሰው የወረፋ ቁጥር ሰጥታችሁ እንደሆነ ሊሰግድ የሄደው ቦታዬ ተያዘ ብሎ አይጨቃጨቅም።

ማታ ከሦስት ደቂቃ አትለፍ። አቡነ ዘበሰማያት፣ ከቻልህ መዝሙር 50 (በሌላው ቁጥር 51)፣ ከዚያ ማንን እንዳስቀየምህና ነገ ምን እንደምታስተካክል አስበህ ተኛ።

አሁን የሚያበላሸውን ልንገርህ። ብዙ ሰው እሑድ ስብከት ሰምቶ ሲመለስ ሥርዓቱን ሦስት እጥፍ ያሳድገዋል፤ ረቡዕ ላይ ሁሉም ይቀርና ሐሙስ ጨርሶ አይጸልይም። ሁለተኛው ብልሽት ያመለጠውን እንደ ብድር መክፈል ነው። የትናንቱን ከዛሬው ደርበህ አታንብብ፤ ትናንት አልፏል፣ ከዛሬው ጀምር። የቆረቆረህም ይኸው ብድር ነው። ሦስተኛው ለንስሐ አባት ሳይናገሩ በራስ መወሰን ነው። ስትነግራቸው "ሥራ ይበዛብኛል" ብቻ ካልካቸው መጠኑን መገመት አይችሉም፤ "ከ12 እስከ ማታ 4 ነው፣ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ይቆያል" በላቸው። የወቅቱና ወቅቱ ካለፈ በኋላ ያለው ሥርዓት ለየብቻ እንዲሆንልህ ጠይቃቸው። ከጥር በኋላ ሙሉ ዳዊቱ ይመለሳል።

ተስፋ በጌታ፦

ወንድም ምን ትጠብቃለህ፣ ዛሬውኑ ልቀቅ። ጌታ ለሰማይ ወፎች የሚመግብ አምላክ ነው። ዓመፅ ባለበት ቤት ሰላም አይገኝም።

አሥራ ሰባት ኪሎ፦

ተስፋ፣ ሐሳብህን አከብራለሁ፤ ግን ቸኩለሃል። ሉቃስ 3 ላይ ቀራጮችና ጭፍሮች ወደ ዮሐንስ መጥምቅ መጥተው "ምን እናድርግ" ሲሉት ሥራችሁን ጣሉ አላላቸውም። ቀራጩን ከታዘዘልህ አብልጠህ አትውሰድ፣ ጭፍራውን በደሞዝህ ይብቃህ ነው ያለው። ቀራጭነት በዚያን ዘመን ከመዛኝነት እጅግ የባሰ ስም ነበረው። መልቀቅ ቢመጣ እንኳ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ቤተሰቡን የማያስብ ከማያምን እንደሚከፋ 1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥8 ላይ ተጽፏል።

መዛኙ፣ እኔ ጴንጤ ነኝ፤ ሚዛን ግን ሃይማኖት አይለይም። ያቺ 2 ኪሎ ውስጥ እውነተኛና ሐሰተኛ ተደባልቆ ስላለ ነው ያስቸገረህ፤ ለይተህ አውጣው።

ከረጢት፦ 10 ባዶ ከረጢት በአንድ ላይ መዝንና ለ10 አካፍል። የማዳበሪያ ከረጢት ከ200 ግራም አያልፍም፤ የቃጫ ጆንያ ከአንድ ኪሎ ብዙም አይርቅም። እና ገበሬው በማዳበሪያ ይዞ መጥቶ አንድ ኪሎ "ለከረጢት" ከተቀነሰበት ከ800 ግራም በላዩ ቡናው ነው።

ውሃ፦ ዝናብ የመታው እሸት ክብደት ይጨምራል፤ ይህ ውሸት አይደለም። ግን በፀሐይ ቀን የመጣ ደረቅ እሸት ላይ "ለውሃ" መቀነስ ምን ይባላል? የረጠበውን ወንፊት አልጋ ላይ ጥቂት አንጠፍጥፈህ መመዘን ክርክሩን ከሥሩ ያጠፋዋል። አልጋ ካልተረፈ ከዝናብ ቀን የሚቀነሰውን ቁጥር ከገበሬው ጋር አስቀድማችሁ ተስማሙበትና በር ላይ ይለጠፍ፤ በሌላው ቀን አይነካ።

ጭማሪዋ ትንሽ ትመስላለች፤ እስቲ እናስላት። በአንድ ማታ 150 ጆንያ ቢገባ 300 ኪሎ እሸት ነው። 6 ኪሎ እሸት አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ይወጣዋል ብንል 50 ኪሎ ይሆናል፤ ለአንድ የኤክስፖርት ጆንያ 10 ኪሎ ብቻ ነው የሚጎድለው። ይህ በአንድ ማታ ነው። ምሳሌ 11፥1 አባይ ሚዛንን አስጸያፊ ያለው በዋዛ አይደለም፤ ዘሌዋውያን 19 እና ዘዳግም 25ም ይደግሙታል። በዚህ ላይ የቱንም ያህል ብትጸልይ ልብህ አያርፍም፤ ማረፍም የለበትም። የሚቆረቁርህ ጥሩ ምልክት ነው።

መዝገቡን በሦስት ዓምድ አድርገው፦ ጠቅላላ ክብደት፣ የከረጢት፣ የተጣራ። "የተቀነሰ" የሚል ስም የሌለው ዓምድ አይኑር። ሚዛኑን ጠዋት ጠዋት ፈትሽ። ለዚህ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ይበቃል፤ አንዴ በታመነ ሚዛን ላይ ተመዝኖ ክብደቱ በቀለም ይጻፍበት፣ የሞላበት ልክም ምልክት ይደረግበት። ጀሪካን እስከ አፉ ከተሞላ ከ20 ሊትር ስለሚበልጥ ምልክት ከሌለው ያሳስትሃል።

ስለ ጩኸቱ፦ ሰልፍ ላይ ጠብ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ ከረጅም ሰልፍ ይልቅ ከጨለማ ሚዛን ነው። ገበሬው ቁጥሩን አያይም፤ አንተ አይተህ ትጽፋለህ፤ እሱ ይጠረጥራል። የሚዛኑን ፊት ወደ እሱ አዙረው፤ ቁጥሩን ጮክ ብለህ ተናገር፣ ወረቀቱን በእጁ ስጠው። ማታ ከሆነ ሚዛኑ ላይ አምፖል ይሰቀል። ደግሞ አንድ ሰው እየመዘነ፣ እየጻፈ፣ ገንዘብ እየከፈለ ከሆነ ማንም መልአክ አይችለውም። ዮቶር ሙሴን ዘጸአት 18 ላይ "ትደክማለህ" ያለው ይህንኑ ነው፦ አንዱ ይመዝን፣ ሌላው ይጻፍ፣ ሦስተኛው ይክፈል።

እንዲህም ሆኖ የሚሳደብ አይጠፋም። ነህምያ 2 ላይ ንጉሡ "ምን ትለምነኛለህ" ሲለው፣ ነህምያ ወደ ሰማይ አምላክ ጸለየና መለሰ ይላል። በጥያቄውና በመልሱ መሐል ስንት ሰከንድ ኖሮ ይሆን? አንተም ቁጥሩን መጀመሪያ ጻፍ፣ እየጻፍህ "ኢየሱስ ሆይ" በል፣ ከዚያ መልስ። እጅ ሥራ ሲይዝ አፍ ይዘገያል።

የፈረንጅ አራዳዋ ሲስተር፦

ሁላችሁም ጥሩ ብላችኋል፤ አንድ ነገር ግን ዘላችኋል። ሰውየው የሚተኛው ስንት ሰዓት ነው? ማታ 4 ወጥቶ፣ እራት በልቶ፣ ዳዊት ይዞ፣ 11 ሰዓት የሚነሣ ሰው 5 ሰዓት ቢያገኝ ነው። ይህ ለሳምንታት ሲቀጥል ቁጣ፣ ሆድ መባስና ነገር መርሳት ይመጣል፤ ብዙ ሰው ይህን የመንፈስ ድርቀት ብሎ ይሰይመውና ሌሊት ተነሥቶ ሊጸልይ ይሞክራል። ይባስ ይደክማል።

1ኛ ነገሥት 19ን አንብቡ። ኤልያስ ሞቱን ሲለምን መልአኩ አልገሠጸውም፤ ቀስቅሶ እንጎቻና ውሃ ሰጠው፣ ተመልሶ ተኛ፣ ሁለተኛ ቀስቅሶ አበላው። ወደ ኮሬብ የሄደው ከዚያ በኋላ ነው።

ቡናን በተመለከተ፦ በረካው ይቅርብህ አልልም፤ ጅማ ተቀምጦ ማን ይሰማኛል። ግን በደም ውስጥ ያለው የቡና ኃይል ግማሽ ለመሆን 5 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ማታ 12 ሰዓት የጠጣኸው 5 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና አለ። ሦስቱንም ስኒ ከ8 ሰዓት በፊት ጨርስ። ጫት ለመንቃት የሚቅሙ የሥራ ባልደረቦች ካሉህ አትከተላቸው፤ እንቅልፉን ወስዶ ምርቃናው ሲያልቅ ድብርቱን ይተውልሃል።

ረፋድ ላይ ሥራ ሲፈታ ከንጉሡ በኋላ 20 ደቂቃ ጋደም በል። ከዚያ በላይ ከተኛህ ከባድ ራስ ይዘህ ትነሣለህ።

እንቅልፍ ማጣቱ፣ ምግብ መጥላቱ፣ ሁሉ ነገር ጣዕም ማጣቱ ከሁለት ሳምንት በላይ በየቀኑ ከቀጠለ፣ ወይም መሞት ይሻላል የሚል ሐሳብ ከመጣ፣ ይህ የጸሎት መጠን ጥያቄ አይደለም። በዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፤ እዚያ ይኬዳል። ጸበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒቱን አያቋርጥ፤ ሁለቱ አይጣሉም። መድኃኒት በድንገት ሲቆም የሚመለሰው ሕመም ከፊተኛው ሊከፋ ይችላል።

መዛኙ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ቀረኝ። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል፤ እስከ 9 ሰዓት ጾሜ ልክ ሰልፉ ሲጀምር እህል መብላት ነው። እንዴት ይሆናል? ሁለተኛ፣ ለባለቤቱ ስለ ሚዛኑ ምን ብዬ ልንገረው? እስካሁን ከተቀነሰውስ የእኔ ዕዳ የቱ ነው?

ዘነግህ፦

ጾሙን ልመልስ። እስከ 9 መጾም መልካም ነው፤ ግን ሰልፉ በ9 የሚጀምር ከሆነ ሳትበላ እስከ ማታ 4 ትቆያለህ፣ ያኔ ነው ሰው ላይ የምትጮኸው። ይህን ለንስሐ አባትህ ንገራቸውና ሰዓቱን እሳቸው ይወስኑልህ። ለሥራና ለሕመም ሰዓት ማሻሻል የእነሱ ሥልጣን ነው፣ የአንተ አይደለም። ምሳህን ከቤት ቋጥረህ ሂድ፤ ሽሮ ብቻውን ቶሎ ያስርባል፣ ምስር ወይም ባቄላ ጨምርበት፣ ተልባም ጥሩ ነው። የጨጓራ ሕመምተኛ ወይም የስኳር መድኃኒት ወሳጅ ከሆንህ ሐኪሙ ያለህን ይዘህ ወደ አባ ሂድ። ስግደትም ቢሆን ቀኑን ሙሉ የቆመና እግሩ ያበጠ ሰው መጠኑን ያስቀንስ፤ እሑድ፣ በቆረብህበት ዕለትና ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ደግሞ ጨርሶ አይሰገድም።

ሲስተር ስለ ድካም ባለችው ላይ አንድ ልጨምር። አባ እንጦንስ በበረሃ ሳለ ልቡ ታክቶ "ጌታ ሆይ እንዴት ልድን?" ሲል፣ እርሱን የሚመስል ሰው ተቀምጦ ገመድ ሲታታ፣ ተነሥቶ ሲጸልይ፣ ተመልሶ ሲታታ አየ። መልአክ ነበር፤ "እንዲህ አድርግ ትድናለህ" አለው። የረፋዱ ትካዜ ሲመጣብህ ያችን አስባት። ንጉሡን ድገም፣ ከዚያ ተነሥተህ አልጋ አገላብጥ። ሥራህ አይደለም ቢሉህም አገላብጥ። ስልክ ይዘህ አትተክዝ።

አሥራ ሰባት ኪሎ፦

ለባለቤቱ በሰልፍ መሐል አትንገረው፤ ሰው ፊት ከተነገረው እምቢ ከማለት ሌላ መንገድ የለውም። ጠዋት ብቻውን ሲሆን የአሥሩን ከረጢት ክብደት የጻፍህበትን ወረቀት ይዘህ ግባ። "ጋሼ፣ ከረጢቱ 200 ግራም አይሞላም፣ እኛ 2 ኪሎ ነው የምንቀንሰው። ገበሬው እያወቀው ወደ ሌላ ሳይት እየሄደ ነው። ትክክለኛውን እንቀንስና በር ላይ እንለጥፈው" በል። ገበሬው መሄዱ እውነት ካልሆነ ግን አትበል፤ ውሸት አስወግድ ብለህ በውሸት አትጀምር። "ኃጢአት ነው" ብለህም አትክፈት፤ ስብከት የመጣበት መስሎት ጆሮውን ይዘጋል። ምክንያቱን ከጠየቀህ ያኔ እምነትህን አትደብቅ። እምቢ ካለ ወደ አልጋው ወይም ወደ መጋዘኑ እንዲያዛውርህ ጠይቅ፤ እየሠራህ ሌላ ቦታ ፈልግ፤ ስታገኝ ልቀቅ። ወቅቱ አጭር ስለሆነ ፍለጋውን አሁን ጀምር።

ዕዳውን በተመለከተ፣ እዚህ ላይ ብዙ ቅን ሰው ይሳሳታል። ካለፈው ልመልስ ብለህ ከባለቤቱ ቡና ለገበሬው በስውር ጨምረህ እንዳትመዝን፤ ያ ሌላ ስርቆት ነው። ያንተ ዕዳ ወደ እጅህ የገባው ነው፦ ከተቀነሰው ቦነስ ወይም ድርሻ ደርሶህ እንደሆነ። ዘኬዎስ አራት እጥፍ ብሏል፤ ዘሌዋውያን 6 ደግሞ የወሰደውን መልሶ አምስተኛውን ይጨምር ይላል። የደረሰኙ ቅጂ ላይ የገበሬው ስም አለ፤ ደጋግሞ የሚያመጣውን ታውቀዋለህ፣ ለእሱ በእጁ ስጠው። የገንዘቡ ባለቤት የማይገኝለትን ዘኍልቍ 5 ወደ ካህኑ ይልከዋል፤ አንተም ለአባ ነግረህ ለድሃ ይሁን። ግን ስሙ እየታወቀ ለቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ ገዝቶ ማለፍ አይሆንም፤ ገንዘቡ የገበሬው ነው።

ምንም ካልደረሰህ የሚመለስ ገንዘብ የለብህም። ቁጥሩን የጻፍኸው አንተ ስለሆንህ ግን ለአባ ስትናዘዝ "ታዝዤ ነው" ብለህ አትጀምር።

የፈረንጅ አራዳዋ ሲስተር፦

ቦነስ የተባለው የሚከፈለው ወቅቱ ሲያልቅ ከሆነ አሁኑኑ ስንት እንደሆነና ከምን እንደሚሰላ በጽሑፍ ጠይቃቸው። ከተቀነሰው ኪሎ የሚሰላ ከሆነ ሳትቀበለው ብታውቀው ይሻልሃል።